የሚስ ጊቲንስ ባለ መንታ አፈሙዝ

አባቴ እኔን የሚያናግረኝ በጠመንጃ በኩል ነበር። ስለ ትምህርት ቤቴ አይጠይቀኝም፤ የእናቴን ስም አያነሳም፤ ራት ላይ ዳቦና ቀዝቃዛ ሥጋ ከፊቴ ያስቀምጥና እሱ ሻዩን ይዞ በመስኮቱ ወደ ዳገቱ ያያል። ሰው አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። «ቲርዛ፣ እስቲ ነይ» ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ያቺን «እስቲ ነይ» ስጠብቅ ስለምውል ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ እወርዳለሁ።

የምንኖረው እንግሊዝ አገር፣ ላድሎው የምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ድልድይ ወደ ገበያው በሚወጣው መንገድ ላይ ነበር። ሱቁ ከታች፣ እኛ ከላይ። ከበሩ በላይ በነጭ ቀለም «ኢ. ፕሮበርት፣ የጥንት ጠመንጃ ገማች» ተብሎ ተጽፏል። አባቴ የሚገዛውም የሚሸጠውም ጥቂት ነው፤ ሰው ወደ እሱ የሚመጣው ለማወቅ ነው። አያቱ ሞተው ከጣራ ሥር ጠመንጃ ያገኘ ገበሬም ሆነ ግብር ከብዶት ቤቱን ከነዕቃው ለጨረታ የሚያወጣ ባላባት፣ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ያጋድምና ያንኑ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ የማን ሥራ ነው? ስንት ያወጣል?

በ1958 የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ በሳንባ በሽታ ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። ትምህርት ቤት ከጎኔ የምትቀመጠው አይሪስ «የጠመንጃ ዘይት ዘይት ትሸቺያለሽ» ብላ ቦታ ከቀየረች ወዲህ፣ የሁለት ሰው ወንበር ላይ ብቻዬን ነበር የምቀመጠው። ለአባቴ አልነገርኩትም። እውነቱን ለመናገር ሽታው ደስ ይለኝ ነበር፤ የእሱ ኮት ሽታ ነው።

አባቴ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ባለ ቆቡን ጠመንጃ ነው። ባልጩት ከብረት ተጋጭቶ ባሩድ ከሚለኩስበት ዘመን በኋላ የመጣ፣ ባሩዱና እርሳሱ በአንድ ቀለህ የታሸገ ጥይት ሲመጣ የቀረ። ባሩዱንና እርሳሱን በአፈሙዙ ይጎርሳል፤ ከመዶሻው ሥር የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል የመዳብ ቆብ ትደፋለች፤ መዶሻው ቆቧን ሲመታት ይተኮሳል። ዘመኑ ቢበዛ አርባ ዓመት ነው። «አጭር ዕድሜ ነው የነበራቸው» ይላል አባቴ፣ ስለ ሰው የሚያወራ ይመስል። «ግን እንደ እነሱ አምሮ የተሠራ የለም።»

ያስተማረኝም እንዲህ ነው። «መጀመሪያ ስሙን አታንብቢ። ስሙን ካነበብሽ ዓይንሽ ስሙን ተከትሎ ይሄዳል።» መጀመሪያ ክብደቱን በሁለት እጅ መመዘን። ቀጥሎ አፈሙዙን ከሰደፉ ነጥሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ማዞርና ውስጡን ማየት። ከዚያ ገልብጦ፣ አፈሙዙ ባሩድ መቻሉ ሲፈተን ከሥሩ የተመታውን ማኅተም መፈለግ፤ ማኅተሙ የለንደን ነው የበርሚንግሃም? ከ1855 በፊት ነው በኋላ? ከዚያ የጎኑን ብረት በጥፍር መዳሰስ፤ በፊት ባለ ባልጩት የነበረ ጠመንጃ ወደ ባለ ቆብ ተለውጦ ከሆነ የድሮው ቀዳዳ የተደፈነበት ቦታ አይጠፋም። ስም የመጨረሻ ነው። በርካሽ ጠመንጃ ላይ የትልቅ ሠሪ ስም የሚያስቀርጽ ብዙ ነው። «ስም ማንም ይጽፋል» ይላል አባቴ።

ሚስ ጊቲንስ መጀመሪያ የመጣችው በመጋቢት፣ በዝናብ ቀን ነበር። አርባ ዓመት ግድም ይሆናታል፤ ረጅም ናት፤ የወንድ የዝናብ ካፖርት ለብሳለች። ጠመንጃውን በአበባማ አንሶላ ጠቅልላ በአሮጌ የሴት ካልሲ አስራዋለች። ካልሲውን ሳይ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ገመድ አጥቼ ነው» አለች አባቴን። «ከኦኒበሪ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት። ሾፌሩ ምን እንደያዝኩ ሲጠይቀኝ ጃንጥላ ነው አልኩት።»

«ትልቅ ጃንጥላ ነው» አለ አባቴ። ከእንግዳ ጋር ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አባቷ በጥር ሞተዋል። አሥራ አንድ ዓመት አልጋ ላይ አስታማቸዋለች፤ ጠመንጃው የአያታቸው ነበር። አባቴ አንሶላውን ፈታ። ባለ መንታ አፈሙዝ ነው፤ ቀጭን፣ ሰደፉ እንደ ደረቀ ትንባሆ የጠቆረ። እኔ ከጓሮው በር ላይ ሆኜ «እስቲ ነይ» እስኪለኝ ጠበቅሁ። አላለኝም። ጠመንጃውን ወደ መስኮቱ ወሰደው፤ ገለበጠው፤ ጎኑን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ቆየ። ሚስ ጊቲንስ ባርኔጣዋን አውልቃ ጠጉሯን ትጨምቃለች።

«ስሙ ጆሳያ ዌልቦርን ይላል» አለ በመጨረሻ። «ለንደን።»

«ጥሩ ሰው ነው?»

«በጣም ጥሩ ሠሪ ነበር። ግን...» ጠመንጃውን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ አስተኛው። «እርግጠኛ አይደለሁም።»

«ሐሰተኛ ነው ማለት ነው?»

«እርግጠኛ አይደለሁም ነው የምልዎት። እንዲሁ እንዳለ ስምንት ፓውንድ ያወጣ ይሆናል። ለመሸጥ አይቸኩሉ። ብርሃን ባለበት ቀን ቢያመጡልኝ ደግሜ አየዋለሁ።»

አባቴ «እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ አያውቅም ነበር። ወይ «ነው» ይላል፣ ወይ «አይደለም»። ስለዚህ ሴትዮዋን አፍሯት ነው፣ ጠመንጃው ሐሰተኛ ነው ብዬ ደመደምኩ። ዛሬ እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፤ በርሚንግሃም ባለ አንድ የጨረታ ቤት የጥንት ጠመንጃ እገምታለሁ። አንድ ገማች «እርግጠኛ አይደለሁም» የሚልበት ምክንያት ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር።

በግንቦት ተመለሰች። ፀሐይ ነበር። ያን ቀን ጠዋት አባቴ ለቤተ ጸሎት የሚያስራትን ክራባት አስሮ ስላየሁት ደነገጥኩ።

«ማን ሞተ?» አልኩት።

«ማንም።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ ማክሰኞ መሆኑን» አለና አንገቱ ቀላ።

ሚስ ጊቲንስ ማርማላታ ይዛ መጣች፤ ከጓሮዋ ፕሪም የተሠራ፣ ጥቁር ሊሆን የደረሰ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው። «ለቲርዛ ነው» አለች። ስሜን እንዴት እንዳወቀች ገረመኝ፤ ማርማላታውን አመሰገንኩና መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ሳይከፈት እስከ ገና በዓል ድረስ ቆየ።

አባቴ አፈሙዙን ነጥሎ ወደ ብርሃኑ አዘነበለላት። «ይኸውልዎት። ለስላሳ ብረትና ጠንካራ ብረት አንድ ላይ አግለው እንደ ሹሩባ ይጎነጉኑታል፤ ከዚያ በዘንግ ላይ ጠቅልለው ይቀጠቅጡታል። ይህ መስመር የጉንጉኑ ነው። ወደዚህ ሲያዞሩት ይጠፋል፤ ወደዚያ ሲያዞሩት ይመለሳል።»

ይህ የእኔ ነበር። ቃል በቃል፣ «እንደ ሹሩባ» የሚለው ሳይቀር፣ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ በልደቴ ቀን የነገረኝ ነው። ሌላ ስጦታ አላስታውስም። ለእሷ እንዲያ አድርጎ ሲሰጣት፣ የራሴን ዕቃ ሰው እጅ ላይ ያየሁ ያህል ሆነብኝ።

«እንዴት ያምራል!» አለች ሚስ ጊቲንስ፤ ጎንበስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ ቲርዛ፣ ምን ይታይሻል?»

«ዝገት» አልኳት።

አባቴ አየኝ። ሊያወጣት ሲል በሩ ላይ «የጠመንጃው ቁጥር አለ» ሲላት ሰማሁ። «ለንደን ለሚያውቅ ሰው ደብዳቤ ልጻፍ። መልሱ ሲመጣ እርግጡን እነግርዎታለሁ።»

«እንግዲያው ልመለስ ነዋ!»

«አዎ። መመለስ ይኖርብዎታል።»

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣ ጀመር። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ገበያ ነው። ሚስተር ቤዶስ የሚባል ገበሬ በጎቹን ሸጦ ሲያበቃ እኛ ዘንድ ገብቶ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ ከአባቴ ጋር አብረው ነው የተማሩት፤ ድምፁ እንደ ሰውነቱ ሰፊ ነው። አባቴ ለሻይ ውሃ ሊጥድ ወደ ጓሮ ሲገባ ተከትሎት ይጮሃል።

«ኤድዊን! ያቺን የኦኒበሪዋን ሴትዮ ባለፈው ማክሰኞም ከነጃንጥላዋ አውቶቡስ ውስጥ አየኋት!»

«ጠመንጃዋን ልታስገምት ነው የምትመጣው።»

«ስንት ጊዜ ነው የሚገመተው? ላም እንኳ ይህን ያህል አትገመትም። እኔ ልንገርህ፤ ያቺ ሴት ልትሸጥ አይደለም የመጣች፣ ልትገዛ ነው። ቤቱን ከነባለቤቱ ልትጠቀልለው ነው!» ብሎ ጭኑን እየመታ ሳቀ። ከዚያ እኔን አየና «አይዞሽ ልጄ፣ አንቺንም አብራ ትወስድሽ ይሆናል» አለኝ።

ቤቱን ልትገዛ! አባቴ ሲስቅ አልሰማሁም፤ ከጓሮ የሚሰማው የማንቆርቆሪያው ክዳን ብቻ ነበር። ያን ሳምንት አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ቤታችንን በአንሶላ ጠቅልላ፣ በካልሲ አስራ፣ አውቶቡስ ላይ ስትጭነው አያታለሁ።

በሐምሌ የሆነው ደግሞ ባሰ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበርና ከታች ድምፃቸውን እሰማለሁ። ከዚያ በፊት «ሚስ ጊቲንስ» እና «ሚስተር ፕሮበርት» ነበሩ። ያን ቀን «ሙሪየል» ሲላት ሰማሁት፤ «እርስዎ»ም ቀርቷል።

«ባርማውዝ እህቴ ጋ እንውሰዳት» ትላለች ሚስ ጊቲንስ። «ባሕሩ ዳር ናት፣ ክፍልም አላት። እንዲህ እንደ ሽማግሌ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ከምትውል...»

«እሺ ትላለች ብለሽ ነው? ከቤት ወጥታ አታውቅም እኮ።»

«ቀስ ብለህ ንገራት። ልጅ ናት፣ ትለምደዋለች።»

ቤቱን ትገዛለች፤ አባቴን ታስቀራለች፤ እኔን ባርማውዝ ለማላውቃት ሴት ይሰጡኛል። እኔም «እለምደዋለሁ»። እውነቱ ያ አልነበረም፤ ባሕር አይቼ ስለማላውቅ ሦስታችንም ለሁለት ሳምንት እዚያ ልንሰነብት ነበር የታሰበው። ይህን ያወቅሁት ግን ልጅነቴ ካለፈ፣ እሷም ከሄደች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያን ቀን አባቴ ቀስ ብሎ ሊነግረኝ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የተኛሁ መሰልኩ። ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ አደረገና ወረደ። በማግስቱም አልነገረኝም። ነሐሴ ባርማውዝ ሳንሄድ አለፈ።

አንድ ነገር ግን አውቅ ነበር። የአባቴን ደብዳቤዎች ፖስታ ቤት የምወስደው እኔ ነኝ። ቴምብር የምለጥፈውም እኔ ነኝ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት አንድም ደብዳቤ ለንደን አልሄደም። አባቴ ለሚስ ጊቲንስ «መልሱ አልመጣም፣ እነዚህ ሰዎች ይዘገያሉ» እያለ ሲነግራት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ሴትዮዋን እያባበለ ሊሸኛት ነው የሚሞክረው፤ ጨዋ ስለሆነ ሂጂ ማለት አቅቶታል። አባቴን የሚረዳው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ከእኔ ሌላ ማን አለ?

የጥቅምት ቅዳሜ ነበር። አባቴ ሌምስተር አጠገብ ያለ የአንድ ባላባት ቤት ጠመንጃ ሊገምት ማልዶ ሄዷል። የበሩ ቃጭል ሲጮህ በአባቴ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ቀኗ ባይሆንም ሚስ ጊቲንስ ናት፤ ሰማያዊ አዲስ ባርኔጣ አድርጋለች። ጠመንጃው አሁን በልኩ በተሰፋ ጨርቅ ውስጥ ነው ያለው።

«አባትሽ የለም?»

«የለም።»

«ይቆያል?»

«አላውቅም» አልኩ። ለሻይ እንደሚደርስ አውቅ ነበር።

«እንግዲህ እጠብቀዋለሁ።» ጓንቷን አወለቀች፤ ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ ፈገግ ብላ ጠመንጃውን ከፊቴ አጋደመችው። «እስቲ ሚስ ፕሮበርት፣ ለምን አንቺ አትገምቺልኝም?»

ለጨዋታ ነበር ያለችው። እኔ ግን አልተጫወትኩም። በሁለት እጄ መዘንኩት። አፈሙዙን ነጠልኩት፤ ከበደኝ፤ ልትረዳኝ እጇን ስትዘረጋ «እችላለሁ» አልኳት። ወደ መስኮቱ አዙሬ ውስጡን አየሁ፤ ንጹሕ ነበር። ገለበጥኩት፤ ማኅተሞቹ የለንደን ናቸው፤ ሁለቱም ጎን አንድ ናቸው። ቀጥሎ የጎኑን ብረት በጥፍሬ ዳሰስኩ፤ የተደፈነ ቀዳዳ ፈለግሁ። አጣሁ። እንደገና ፈለግሁ። አባቴ ከተጠራጠረ መኖር አለበት።

«ይኸው» አልኳት፣ ምንም የሌለበትን ቦታ እያሳየሁ። «እዚህ ጋ ተደፍኗል። ስሙም የተጨመረ ነው። ሐሰተኛ ነው።»

እስከ ዛሬ ስንት ሺህ ጠመንጃ በእጄ እንዳለፈ እንጃ፤ ዓይኔ ያየውን ትቼ የማልፈልገውን ነገር ለማራቅ የገመትኩት ያን አንዱን ነው።

ሚስ ጊቲንስ ሳቀች። «ጎበዝ! እንግዲህ የለንደኑ መልስ ሲመጣ እንዳልሽው መሆኑን እናያለን።»

«መልስ የለም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አባቴ ደብዳቤ አልጻፈም። ፖስታ የምወስደው እኔ ነኝ። አንድም ቀን አልጻፈም።»

ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም፤ ባለቤቱ ትቶት እንደሄደ ዕቃ ፊቷ ላይ ቆየ። «ረስቶት ይሆናል» አለች።

«አልረሳም። ሂጂ ማለት ስለከበደው ነው። ከሚስተር ቤዶስ ጋር ሲሆኑ ስለ እርስዎ ይሳቃል።»

ይሳቃል። ማን እንደሚስቅ አላልኩም። ያን ሳልናገር የተውኩት አውቄ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆንም አውቄ ነው።

ሚስ ጊቲንስ ጠመንጃውን መልሳ ገጣጠመችው፤ አባቴ አስተምሯት ኖሮ እጇ አልተሳሳተም። ጨርቁ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ከፍ ካለው ወንበር እኩል እንድትሆን ጎንበስ አለች።

«ቲርዛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። አባትሽን ተይው። አንቺ ራስሽ፣ እኔ ባልመጣ ይሻልሻል?»

«አዎ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ጓንቷን አጠለቀች፤ የግራውን በቀኝ እጇ አጥልቃ መልሳ አወለቀችው። «ማርማላታውን ግን ብዪው። ቢቆይ ይበላሻል።» ቃጭሉ ጮኸ፤ ወደ አውቶቡሱ ቁልቁል ስትሄድ በመስኮቱ አየኋት። ረጅም ስለሆነች ባርኔጣዋ ከሰው ሁሉ በላይ እስከ ድልድዩ ድረስ ታየ።

ለአባቴ መምጣቷን አልነገርኩትም። አንድ ማክሰኞ አለፈ፤ ሌላ ማክሰኞ አለፈ። ቃጭሉ በጮኸ ቁጥር ቀና ይላል። ሦስተኛው እሑድ ላይ ከቤተ ጸሎት እንደተመለስን ክራባቱን ሳይፈታ «ኦኒበሪ ደርሼ መጣሁ» አለኝና ወጣ። ባገኘው የመጀመሪያ አውቶቡስ ተመለሰ። ኮቱን ሳያወልቅ ምድጃው ፊት ተቀመጠ። ከሰሉ ሊጠፋ ነበር፤ አልጨመረበትም።

«በልተሻል?» አለኝ።

«በልቻለሁ።»

«ጥሩ።»

የጥር ገበያ ላይ ወሬውን ያመጣው ሚስተር ቤዶስ ነው። «የኦኒበሪዋ ሴትዮ ቤቷን ለቀቀች። ካናዳ ወንድሟ ጋ፣ በመርከብ። ማን ይገምት ነበር!» አባቴን አየና ሊቀልድ የከፈተውን አፍ ዘጋ። ያን ዕለት ሻይ ሳይጠጣ ሄደ።

አሸንፌ ነበር። ቤቱ ቤታችን ነው፤ ባርማውዝ ቀርቷል። አባቴም እንደ በፊቱ፣ እንዲያውም ከበፊቱ አብልጦ፣ «ቲርዛ፣ እስቲ ነይ» ይለኝ ጀመር። እያንዳንዱን ማኅተም፣ እያንዳንዱን ሠሪ፣ ሠሪዎቹ ከየትኛው መንገድ ወደየትኛው ቤት እንደቀየሩ አስተማረኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ገበሬዎቹ እኔን ይጠይቁኝ ጀመር። እኔና አባቴ ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ቆመን፣ መሐላችን ጠመንጃ ተጋድሞ፣ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ግን፣ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ አይቀርም፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሱቁ መስኮት አየሁት። ብቻውን ነው። የአንድ አሮጌ ጠመንጃ አፈሙዝ ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ ወዲህ ያዞረዋል፤ ወዲያ ያዞረዋል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ለማን እንደሚያስረዳ ገባኝ። በሩን ሳልከፍት ወንዙ ዳር ድረስ ሄጄ ቆይቼ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ልነግረው ብዙ ጊዜ አሰብኩ። ሥራ ይዤ በርሚንግሃም ገባሁ፤ እሑድ እሑድ እመጣለሁ፤ ስለ ጠመንጃ እናወራለን። ሚስ ጊቲንስ ከሄደች ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ።

ሰባ ስድስት ዓመት ሲሞላው ደረጃውን መውጣት አቃተው፤ ቤቱን ሸጥን። የጭነት መኪናው የመጣ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ባዶውን ሆኖ፣ ከግድግዳው ላይ ጠመንጃዎቹ የነበሩበት ቦታ ብቻ ነጣ ነጣ ብሎ ቀርቶ፣ ዕቃ በታሸገባቸው ሁለት ሳጥኖች ላይ ተቀምጠን ነበር። አባቴ ኮቱን ለብሷል።

«አባዬ» አልኩት። «ሚስ ጊቲንስን ያባረርኳት እኔ ነኝ።»

ዓይኑን ከግድግዳው ላይ አላነሳም። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ታውቃለህ?»

«ኦኒበሪ የሄድኩ ዕለት ነገረችኝ። ደብዳቤ እንዳልጻፍክ ልጅህ ነገረችኝ አለች።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«እውነቱን። የሚጻፍ ነገር አልነበረም አልኳት። ጠመንጃው የዌልቦርን የራሱ ሥራ ነው። ከአንሶላው ሳወጣው ነው ያወቅሁት።»

«‹እርግጠኛ አይደለሁም› አልካት እኮ!»

«አልኳት። ዋጋውን ብነግራት ያኔውኑ ትሸጠዋለች። ከሸጠችው ምን ብላ ትመለሳለች?» ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «በሕይወቴ በውሸት የገመትኩት ጠመንጃ እሱ ነው።»

እኔም ያንኑ ጠመንጃ ነበር በውሸት የገመትኩት። «ተቆጣች?» አልኩት።

«ሳቀች። ‹አንተ ሞኝ፣ ያለ ጠመንጃውም እመጣ ነበር› አለች።»

«ታዲያ ለምን አልመጣችም?»

ውጭ የጭነት መኪናው ሰዎች አልጋውን እየተቀባበሉ «ቀስ፣ ቀስ፣ ወዳንተ!» ይባባላሉ።

«‹ልጅቷን ጠየቅኋት፣ አልፈልግሽም አለችኝ› አለች። ‹ከአንተ ሌላ ምንም የላትም፣ እኔ ያንን አልቀማትም› አለች። ለመንኳት። ሁለት ጊዜ ለመንኳት። ሙሪየል አንዴ ካለች አለች ነው። ጠመንጃውን ለንደን ላከችው፤ ጥሩ ዋጋ አወጣ። በእሱ ነው መርከቡን የተሳፈረችው።»

«እኔን ግን አንድ ቃል አልተናገርከኝም። አልተቆጣኸኝም።»

«ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ ምን ያደርጋል?» አለ።

ማልቀስ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። «ጽፋልህ ታውቃለች?» አልኩት።

«አንዴ። በሄደች በዓመቷ። ስለ በረዶው ጻፈች፣ ስለ ወንድሟ ልጆች። መጨረሻው ላይ ቲርዛ እንዴት ናት፣ አሁንም ብቻዋን ትቀመጣለች ወይ ብላ ጠየቀች።»

«ምን ብለህ መለስክላት?»

«ደህና ናት አልኳት። ማኅተም ከእኔ በላይ ታነባለች አልኳት። ብቻዋን አይደለችም፣ እኔ አለሁላት አልኳት።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ስለ እኔ አልጠየቀችም፤ እኔም አልጻፍኩም።»

ከውጭ ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። አባቴ ሳጥኑን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሳ። እኔ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፣ ያዘኝና አስነሳኝ።